የጎጃም አርበኞች ፕሮጀክት፦ ላይብረሪ፣ ኢንተርኔት ወይስ ሽማግሌ?

ባሕር ዳር ላይ የታሪክ መምህር ስለ ጦርነት ዘመን ፕሮጀክት ሲያዝ ብዙው ተማሪ የጣልያንን ወረራ ይመርጣል፤ ከዚያም ውስጥ የጎጃም አርበኞችን። ደግ ምርጫ ነው። አየር ማረፊያችን በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራል፣ ቡሬና ደምበጫ የዘመድ አገር ነው፣ ቅድመ አያቱ ዱር ቤቴ ብሎ የነበረ ልጅ በየክፍሉ አይጠፋም። ችግሩ ርዕሱ ላይ ሳይሆን ምንጩ ላይ ነው። ስልክ ይወጣል፣ ጉግል ይደረጋል፣ መጀመሪያ የመጡት ገጾች ይገለበጣሉ፣ ግሩፑ ሁሉ ያንኑ ያስገባል። መምህሩም የሚያውቀውን መልሶ ያነባል።

እስቲ ምንጮቹን ላወዳድርላችሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ያዙ። ለመጽሐፉም፣ ለድረ ገጹም፣ ለቪዲዮውም፣ ለሽማግሌውም የምትጠይቁት ነው፦ ይህን የሚነግረኝ ሰው ያን ጊዜ የት ነበር? ጎጃም ውስጥ ከ1928 እስከ 1933 የሆነውን አርበኛው በአንድ ዓይን አየው፣ ጣልያኑ በሌላ፣ እንግሊዙ ደግሞ በመጨረሻ መጥቶ አየው። ሦስቱም ጽፈዋል ወይም ተጽፎላቸዋል። የጽሑፋቸው መገኛ ግን ለየቅል ነው፤ የላይብረሪና የኢንተርኔት ልዩነትም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ርዕሳችሁንም ጠበብ አድርጉት። «የጎጃም አርበኞች ታሪክ» ለአንድ ወር ፕሮጀክት አይሆንም፤ ሰፊ ነው። «ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ከገቡበት እስከ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ እስከደረሱበት ድረስ የአርበኞቹ ሚና ምን ነበር?» ብትሉ ግን ሥራ ይጀመራል። «ባሕር ዳር በጣልያን ጊዜ ምን ትመስል ነበር?»ም ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ መጽሐፍና ወደ እንግሊዝ ሰነድ ይወስዳችኋል፤ ሁለተኛው ወደ ጣልያን ፎቶና ካርታ፣ ከዚያም ወደ ሰፈር ሽማግሌ።

ላይብረሪ

የትምህርት ቤታችሁ ላይብረሪ ለአጠቃላይ ሐሳብ ይበቃል። በአብዛኛው የመማሪያ መጽሐፍ ነው ያለው። አንድ ቀን ግቡ፣ የጊዜ ቅደም ተከተሉን ያዙ፣ ውጡ።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሻለው በአማርኛ መጻሕፍቱ ነው። ትዝታዎች፣ የሕይወት ታሪኮች፣ ቆየት ያሉ ጋዜጦች እዚያ ነው የሚገኙት። ነገር ግን ታዋቂ መጽሐፍ ሁሉ ለርዕሳችሁ አይሆንም። ለምሳሌ የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ድንቅ ምንጭ ነው፤ ሐዲስም የጎጃም ሰው ናቸው። ግን ያን ጊዜ የት ነበሩ? በራስ እምሩ ከሚመራው ጦር ጋር ሽሬ ግንባር ዘምተው፣ ኋላ ተማርከው ጣልያን አገር ተወስደዋል። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ስለተደረገው የአምስት ዓመት ተጋድሎ ምስክር ሊሆኑ አይችሉም። የጎጃም ጦር ሽሬ ላይ እንዴት እንደተዋጋ ለሚጽፍ ግን ከሳቸው የሚቀርብ የለም። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ም እንደዚያው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በስደቱ ዓመታት የኖሩት እንግሊዝ አገር ነው። ስለ ጄኔቭ አቤቱታቸውና ስለ መመለሻ ጉዟቸው የመጀመሪያ እጅ ምስክር ናቸው፤ በ1930 ቢቸና ውስጥ ስለሆነው ግን እንደኛው ሰምተው ነው የጻፉት።

ዋናው ቦታ ዩኒቨርሲቲው ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ብዙ ግቢ አለው፤ ለታሪክ ፔዳ ነው። ፖሊ የቴክኖሎጂ ነው፣ ጊዜያችሁን አትግደሉ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ካልሆናችሁ ከትምህርት ቤታችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፣ ማኅተም ይኑረው፣ መታወቂያም ያዙ። ደብዳቤው ላይ የግሩፑ አባላት ስም በሙሉ ይጻፍ፤ አለበለዚያ አንዱ ገብቶ አራቱ በር ላይ ይቀራሉ። ተማሪው ፈተና ላይ በሆነበት ሰሞን አትሂዱ፤ መቀመጫ አይገኝም። ከተቻለ ጠዋት ግቡ።

እዚያ ገብታችሁ ትልልቆቹን የታሪክ መጻሕፍት ብቻ አትጠይቁ። የባሕሩ ዘውዴን ዘመናዊ ታሪክ የመሰለ አንድ አጠቃላይ መጽሐፍ በእርግጥ ያስፈልጋል፤ ወረራው፣ አስተዳደሩ፣ ተጋድሎው በሥርዓቱ ተቀምጧል። ግን ዕንቁው ሌላ ቦታ ነው። የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶችንም ጠይቁ፤ ጎጃም በ1928–1933 ያደረገውን ተጋድሎ ብቻ የሚመለከት የዶክትሬት ጥናት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቷል።

ለምን ዕንቁ አልኩት? አገራችን ውስጥ የሚሠራ የታሪክ ጥናት የመጨረሻ ገጾቹ ላይ የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር አለው። በሰንጠረዥ ነው የሚቀመጠው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታ፣ ቀን፣ ከጎኑም አጭር ማስታወሻ። በደርግ ጊዜ የተሠራ ጥናት ከሆነ እነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ጠመንጃ ይዘው የተዋጉ ናቸው። አሁን በሕይወት የሉም። ድምፃቸው የቀረው በዚያ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ነው። በ1933 አሥር ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ዘጠናን አልፏል፤ ተዋጊውማ የበለጠ። እኛ ዛሬ ብንሮጥ የማንደርስበትን ቃል ያ ተማሪ ያኔ በእግሩ ሄዶ ሰብስቦታል። ስለዚህ ጥናት ስታነቡ ከኋላ ጀምሩ። ዝርዝሩን እዩ፣ የናንተ አካባቢ ሰው ካለ ስሙን ያዙ፣ ከዚያ ስሙ የተጠቀሰባቸውን ገጾች ወደ ፊት እየፈለጋችሁ አንብቡ።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በውሰት አይወጣም። እዚያው ተቀምጣችሁ ትገለብጣላችሁ። ስልክ ማንሳት ከተፈቀደ የርዕስ ገጹን መጀመሪያ አንሱ፤ ያለሱ ምንጩን መጥቀስ አትችሉም።

አዲስ አበባ የሚመላለስ ዘመድ ያለው ደግሞ ሁለት ቦታ አለው። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ላይብረሪ አንዱ ነው፤ ሌላው ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት። ሁለቱም ከኛ ከተማ ስብስብ ይሰፋሉ። ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ፕሮጀክት ግን ያን ያህል መንገድ መሄድ አያስፈልግም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ ግድ ነው።

ኢንተርኔት

ኢንተርኔቱ የሚበልጠው የውጭውን ሰው ዓይን በማምጣት ነው። የእንግሊዙንና የጣልያኑን ወገን ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ማየት የሚቻለው በሱ ብቻ ነው።

አርካይቭ ዶት ኦርግ ላይ የድሮ መጻሕፍት በነጻ ይነበባሉ። አንዳንዱ ይወርዳል፣ አንዳንዱ አካውንት ተከፍቶ ለተወሰነ ጊዜ በውሰት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1942 እ.ኤ.አ. ጣልያንን ከኢትዮጵያ ስላስወጣው ዘመቻ ያሳተመው መጽሐፍ ጥሩ ምንጭ ነው፤ ጦርነቱ ገና ትኩስ ሳለ የወጣ። ግን ያቺን ጥያቄ አትርሱ። የእንግሊዙ መኮንን የሳንድፎርድ ቡድን ጎጃም የገባው በነሐሴ 1932 ነው፣ ሌላው የእንግሊዝ መኮንን ዊንጌት የመራው ጌድዮን የተባለው ጦርም ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። አርበኛው ከዚያ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲዋጋ ቆይቷል። ወደ 1,700 የሚጠጋው የጌድዮን ጦር ያን ሁሉ ምሽግ ለምን በዚያ ፍጥነት እንዳስለቀቀ የእንግሊዙን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው የዊንጌት ብልሃት ብቻ ይመስለዋል። በአራቱ ዓመት ጣልያኑ ከምሽጉ ርቆ መንቀሳቀስ እስኪከብደው የተደረሰበትን የሚነግራችሁ ያ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ ፕሮጀክቱን ሠራ ማለት ነው።

ከወረራው በፊት የጣና ዳርቻ ምን ይመስል እንደነበር የሚፈልግ ደግሞ ቺዝማንን ይፈልግ። ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር፤ ጣናንና አባይን ዞሮ ለክቶ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል።

ጄስቶር የጥናት መጽሔቶች ማከማቻ ነው። በነጻ አካውንት በወር እስከ 100 ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚታተመው መጽሔትም አለበት። እንግሊዝኛው ከበድ ይላል፤ መግቢያውንና ማጠቃለያውን አንብቡ፣ ከዚያ የምትፈልጉትን ቦታ። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የጥናት ማከማቻዎችም ኢንተርኔት ላይ አሉ፣ የማስተርስ ጽሑፎችን በነጻ ማውረድ ይቻላል። ፔዳ ድረስ መሄድ ለማይችል ትልቅ ነገር ነው።

ትሮቭ የሚባለውን ብዙ ተማሪ አያውቀውም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የድሮ ጋዜጦችን ስካን አድርጎ በነጻ አስቀምጧል። አውስትራሊያ ከጎጃም ምን አገናኛት አትበሉ። የዚያ ዘመን ጋዜጦች የጦርነቱን ዜና ከለንደንና ከካይሮ ተቀብለው ያትሙ ነበር። ዜናው ትኩስ ነው፣ የተጋነነም አለበት፣ ግን በዚያ ሳምንት ዓለም ስለኛ ምን ያነብ እንደነበር ያሳያል።

የጣልያኑ ወገን ሉቼ ኢንስቲትዩት ነው፤ የፋሽስቱ መንግሥት የፊልም ድርጅት የነበረ። ዜና ፊልሞቹ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያሉ። መንገድ ሲሠራ፣ ባንዲራ ሲሰቀል፣ ሕዝብ ሲያጨበጭብ ታያላችሁ። የመርዝ ጋዝ ግን አታዩም። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ። ስለዚህ ፊልሙን «ይህ ሆነ» ብላችሁ ሳይሆን «ጣልያን ይህን ማሳየት ፈልጎ ነበር» ብላችሁ ጻፉ። እንዲያ ከተያዘ ፕሮፓጋንዳም ጥሩ ምንጭ ነው።

ፎቶ ከፈለጋችሁ የለንደኑ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም አለ። አንዱን ፎቶ ምናልባት አይታችሁታል፦ ንጉሠ ነገሥቱ መሐል፣ ሳንድፎርድና ዊንጌት ግራና ቀኝ፣ ደምበጫ ምሽግ ላይ። ሥሩ የተጻፈው ቀን አፕሪል 15 ቀን 1941 ነው፤ በኛ ሚያዝያ 7 ቀን 1933። አሁን ካርታ አውጡ። ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ ደምበጫ መሐል ላይ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ነው። ታዲያ ተመልሰው ሄደው ነው? ቀኑ የተነሳበት ነው ወይስ ሌላ? ስንቱ ያን ፎቶ ለጥፎ ሳይጠይቅ አልፏል። ይህን ያስተዋለ ተማሪ መልሱን ባያገኝ እንኳ ጥያቄውን ይጻፈው፤ የታሪክ ሥራ ማለት እሱ ነው።

ውክፔዲያን አልነቅፍም። የአማርኛው ሳስቶ ነው የሚገኘው፣ የእንግሊዝኛው ይሻላል። ገብታችሁ የግርጌ ማስታወሻውን ውሰዱ፣ ከዚያ መጽሐፉን ፈልጉ። እሱን ራሱን ግን ምንጭ ብላችሁ አትጥቀሱ።

ቴሌግራም ላይ የአማርኛ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ሞልቷል። አብዛኛው ያለ ደራሲው ፈቃድ የተለቀቀ ነው፤ የሚሸጥ መጽሐፍ ከሆነ ግዙት ወይም ላይብረሪ አንብቡት። ለፕሮጀክትም ቢሆን ያስቸግራል። ሽፋኑ የለም፣ የታተመበት ዓመት የለም፣ ገጽ ይዘላል። የት ገጽ ላይ እንዳገኛችሁት መናገር ካልቻላችሁ ለመምህሩ ወሬ ነው።

ዩቲዩብ ላይ የድሮ አርበኞች ቃለ መጠይቅ ካገኛችሁ ያዙት፣ ሰውየው ራሱ ነው የሚናገረው። ተራኪ ብቻ የሚያወራበትን፣ ከበስተጀርባ ሽለላ የገባበትን ቪዲዮ ግን ተዉት። ስሜቱ ደስ ይላል፤ ምንጩን አይነግራችሁም።

ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። የሌለ መጽሐፍ ፈጥረው፣ ደራሲና ዓመት ለጥፈው ይሰጣሉ። የኛንና የፈረንጅን አቆጣጠርም ያምታታሉ። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማብራሪያ ጠይቋቸው እንጂ ለምንጭ አትመኑ። የሰጧችሁን ርዕስ ሁሉ ካታሎግ ላይ ፈልጉት፤ ከሌለ ሰርዙት።

ስለ ፍለጋው ራሱ ሁለት ነገር። የቦታ ስም በብዙ አጻጻፍ ነው ያለው። ጣልያኖች ጎጃምን በሁለት ጂ ነው የሚጽፉት፣ እንግሊዞች በጄ፤ ጣና በድሮ መጻሕፍት ጻና ተብሎ በቲኤስ ይገኛል፤ ባሕር ዳርም አንዳንዴ ተያይዞ አንዳንዴ ተለያይቶ ይጻፋል። በአንዱ ካጣችሁ በሌላው ሞክሩ። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ጥር 1933 ማለት ጃንዩዋሪ 1941 ነው። ገና ከመጀመሪያው አንድ ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩና እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም ጻፉት።

ዳታ ውድ ነው፣ ኔትወርክም ይጠፋል። የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ የሚወርደውን በአንድ ጊዜ አውርዱ፣ በፍላሽ ተቀባበሉ።

ሽማግሌ

ይሄ በእጃችን ያለ፣ ሌላ አገር ያለ ተማሪ የማያገኘው ነው። ላይብረሪውም ኢንተርኔቱም ያልጻፈው ነገር እዚህ አለ፦ እናቶች ስንቅ እንዴት ያቀብሉ ነበር፣ ከብቱ የት ይደበቅ ነበር፣ ማን ባንዳ ሆነ፣ ከድል በኋላስ ከባንዳው ልጅ ጋር እንዴት ተኖረ። ጽሑፍ ስለ አዛዦች ያወራል፤ ስለ ሴቶቹ የሚነግራችሁ የቤተሰብ ወሬ ነው።

ዛሬ የምታገኙት ተዋጊውን ሳይሆን ልጁን ወይም የልጅ ልጁን ነው። ስለዚህ «ጣልያን መቼ ገባ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለሱ መጽሐፍ አለ። «አባባ፣ አባትዎ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ምን ይሉ ነበር?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ቡና ከተፈላ አትቸኩሉ፣ ጨዋታው የሚመጣው ከአቦሉ በኋላ ነው። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቁ፣ በተለይ የባንዳ ነገር ከተነሳ። ያ ቁስል ገና ያልሻረለት ቤተሰብ አለ።

ዓመት በቁጥር አይነግሯችሁም። «በላይ በተሰቀለ በዓመቱ» ይሏችኋል። ደጃዝማች በላይ የተሰቀሉት በ1937 ነው፤ ስለዚህ 1938 ማለታቸው ነው። እንዲህ እያደረጋችሁ ቃሉን ከታወቀ ቀን ጋር አስሩት። ቁጥርን ግን፣ ስንት ጠላት ወደቀ፣ ስንት ጠመንጃ ተማረከ የሚለውን፣ በቃል ብቻ አትውሰዱ። ከጥናቱ ጋር አስተያዩት፤ ካልገጠመ ሁለቱንም ጻፉ።

የጣና ገዳማትስ የሚል ይኖራል። ለዚህ ርዕስ ቀዳሚ ቦታ አይደሉም። የብራና ሀብታቸው ታላቅ ነው፣ ግን በአብዛኛው የሃይማኖትና የቀደመ ዘመን ነው። ዘጌ ስትሄዱ ብራና ከመጠየቅ አዛውንት ማናገር ይሻላችኋል።

እንግዲህ የትኛው?

ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው አንድ አጠቃላይ መጽሐፍ ከላይብረሪ፣ አንድ የማስተርስ ጽሑፍ ከዩኒቨርሲቲ ማከማቻ አውርዶ፣ አንድ ፎቶ ከሙዚየሙ ይያዝ። ሽማግሌ አይሞክር፤ ተጣድፎ የተደረገ ቃለ መጠይቅ ለማንም አይጠቅምም፣ ሰውንም ያስቀይማል።

ሦስት ሳምንት ያለው ግሩፕ ግን ሥራውን ይከፋፈል። ሁለቱ በመጀመሪያው ሳምንት ፔዳ ይግቡ፣ አንዱ እንግሊዝኛ የሚቀናው ኢንተርኔቱን ይያዝ፣ ሁለቱ ሽማግሌ ያፈላልጉ። ሽማግሌው ዘንድ የሚኬደው ግን በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ ካነበባችሁ በኋላ። ያነበበ ልጅ የደምበጫንና የቡሬን ስም ሲያነሳ ሽማግሌውም ቀና ብሎ ያወራዋል። ሦስተኛው ሳምንት ለመጻፍ ነው። እያንዳንዱ አባል ካመጣው ምንጭ ጎን ደራሲውን፣ ዓመቱን፣ ገጹን፣ ለድረ ገጽ ደግሞ ያየበትን ቀን በዚያው ዕለት ይጻፍ። የማስረከቢያው ዋዜማ ላይ ማንም አያስታውሰውም።